በሁለት ኮርማ የተለወጠው እንደራሴ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1798 በቨርሞንት ግዛት፣ ራትላንድ ከተማ ውስጥ በተሰየመ የፌዴራል ችሎት ተከሳሹ ከመቀመጫው ተነሥቶ ዳኛውን መጠየቅ ጀመረ። ተከሳሹ ማቲው ላየን የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ነው። ዳኛው ዊልያም ፓተርሰን ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሲሆን፣ ከ11 ዓመት በፊት በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ላይ ፊርማቸውን ካኖሩት ሰዎች አንዱ ነው። ላየን ጠበቃ ይዞ ለመዘጋጀት ጊዜ ስላላገኘ የሚከራከረው ራሱ ለራሱ ነበር። ዳኛውን ከፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ጋር ማዕድ ቀርቦ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ቀርቦ ከሆነስ እዚያ ከንቱ ድምቀትና የይታይልኝ ወግ አላየም ወይ? ፓተርሰን ከፕሬዚዳንቱ ጋር አልፎ አልፎ መብላቱን፣ ያየው ግን ቀላል ኑሮ ብቻ መሆኑን መለሰ። ላየን አላቆመም። በፕሬዚዳንቱ ቤት ያለው ድምቀትና የአገልጋይ ብዛት ከራትላንድ ማዕድ አይበልጥም ወይ ሲል ጨመረ። ራሱ ኋላ እንደተረከው ለዚህኛው ጥያቄ መልስ አላገኘም።

ለሚያየው ሰው ግራ የሚያጋባ ሙግት ነው። የፕሬዚዳንት ማዕድ ምን ይምሰል ምን፣ ከወንጀል ችሎት ጋር ምን አገናኘው? የሚያገናኘው ሕጉ ነው። አዳምስ ጁላይ 14 ቀን 1798 የፈረመው የሴዲሽን ሕግ በመንግሥት፣ በኮንግረስ ወይም በፕሬዚዳንቱ ላይ ሐሰት የሆነ፣ ስም የሚያጠፋና በክፋት የተነሣ ነገር የሚጽፍ፣ የሚያትም ወይም የሚናገር ሰው እስከ ሁለት ዓመት እስራትና እስከ 2,000 ዶላር መቀጮ ይቀጣል ይላል። ያረቀቁት ሰዎች ሕጉ ለተናጋሪው ደግ ነው ብለው ነበር፤ ምክንያትም ነበራቸው። በእንግሊዝ የቆየ ልማድ ተከሳሽ የተናገረው እውነት ቢሆን እንኳ ከቅጣት አያመልጥም። አዲሱ ሕግ ግን እውነት መሆኑን ካስረዳህ ነጻ ትወጣለህ ይላል፤ ፍርዱንም ጁሪ ለሚባሉት፣ ከነዋሪው ለተመረጡት ፈራጆች ይሰጣል።

ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ላየን በጋዜጣ የጻፈው በፕሬዚዳንቱ ዙሪያ የሕዝብ ጥቅም በሥልጣን ጥማት፣ በከንቱ ድምቀት፣ በውዳሴ ፍለጋና በስስት ተውጧል የሚል ነው። ይህ አስተያየት ነው። እገሌ ገንዘብ ሰረቀ ብሎ የጻፈ ሰው መዝገብ ያስቀርባል፣ ምስክር ይጠራል። እገሌ ሥልጣን ተጠምቷል ያለ ሰውስ ማንን ይጠራል? ጥማት በምን ይመዘናል? ስለዚህ ላየን የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ የፕሬዚዳንቱን ቤት በዓይኑ ያየ ሰው መፈለግ። ያንን ሰው ያገኘው ደግሞ በዳኛው ወንበር ላይ ነው። ሕግ አስተያየትን እንደ ማስረጃ ጉዳይ ሲቆጥር የሚደርሰው እዚህ ነው፤ የአንድ አገር የመናገር ነጻነት በእራት ጠረጴዛ ላይ በነበሩ አገልጋዮች ብዛት ይወሰናል።

ላየን የተወለደው በአየርላንድ፣ ዊክሎው አውራጃ ነው። የሕይወት ታሪኩን የያዙ መዝገቦች የልደቱን ቀን ጁላይ 14 ቀን 1749 ይሉታል። እንግዲህ ያሰረው ሕግ የተፈረመው 49 ዓመት በሞላበት ቀን ነው ማለት ነው። በ15 ዓመቱ ባሕር ሲሻገር ለመርከብ የሚከፍለው ስላልነበረው፣ እንደ ብዙ ድኻ አየርላንዳውያን ጉልበቱን አስይዞ ነው የተሳፈረው። አሠራሩ ግልጽ ነበር። የመርከቡ አለቃ ተሳፋሪውን ወደብ ላይ ለፈለገው ጌታ ያስረክባል፣ ጌታው የጉዞውን ወጪ ይከፍላል፣ ተሳፋሪው ደግሞ ወጪውን በዓመታት አገልግሎት ይመልሳል። ውሉ እንደ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጥ ነበር። የላየን ውል ኮኔቲከት ውስጥ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው የተላለፈው በጥንድ ኮርማ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ታሪክ ይደብቀው ነበር። እሱ ግን መሐላው አደረገው፤ ሲምል በገዙኝ ኮርማዎች እያለ ይምል እንደነበር ይነገራል። ጠላቶቹ እድሜ ልኩን ሲሰድቡት ያነሡት የነበረውን ነገር እሱ ቀድሞ በአፉ ይዞት ነበር።

ውሉን ፈጽሞ ነጻ ከወጣ በኋላ ወደ ሰሜን፣ ያን ጊዜ ገና ግዛት ወዳልነበረችው ተራራማ ቨርሞንት ተሻገረ። ከመሻገሩ በፊት የኢታን አለንን ዘመድ አግብቶ ነበር፤ እዚያም በአለን ከሚመሩት፣ አረንጓዴ ተራራ ልጆች ከሚባሉት ታጣቂዎች ጋር ተቀላቀለ። በነጻነቱ ጦርነት መጀመሪያ ላይ ግን ኋላ በሕይወቱ ሁሉ የሚከተለው ነገር ገጠመው። በ1776 ጄሪኮ በሚባል ሩቅ የድንበር ምሽግ የነበሩ ወታደሮች ፈርተው ሥፍራቸውን ጥለው ሄዱ። ላየን ከመኮንኖቹ አንዱ ስለነበር ከሌሎቹ ጋር ተፈርዶበት ማዕረጉ ተገፈፈ። ወታደሮቹን ለማስቀረት መሞከሩን ሁልጊዜ ይናገር ነበር። ብዙም ሳይቆይ በክፍለ ጦር ከፋይነት ተመልሶ አገልግሏል። ወሬው ግን ከሰውየው ይልቅ ፈጥኖ ተጓዘ፤ ላየን በፍርሃቱ የእንጨት ጎራዴ ታጥቆ እንዲሄድ ተደረገ የሚል ተረት ወጣ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1783 ፌር ሄቨን የምትባል መንደር ቆረቆረ። ወንዟን ገድቦ የእንጨት መሰንጠቂያ፣ የእህል ወፍጮ፣ የብረት ማምረቻና የወረቀት ፋብሪካ አቆመ። በ1793 ደግሞ የገበሬዎች ቤተ መጻሕፍት የሚል ስም የሰጠው ጋዜጣ ጀመረ። ላየን ወረቀቱን ራሱ ይሠራ፣ ማተሚያውንም ራሱ ይይዝ ስለነበር፣ ሐሳቡን አደባባይ ለማውጣት የማንንም ፈቃድ አይለምንም። የመጀመሪያ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ያገባት ሁለተኛዋ ሚስቱ የቨርሞንት የመጀመሪያው ገዥ የቶማስ ቺተንደን ልጅ ነበረች። ከኮርማ ዋጋ ተነሥቶ እዚህ የደረሰ ሰው ነውና በ1791 ቨርሞንት ወደ ኅብረቱ ስትገባ ለኮንግረስ ተወዳደረ። ተሸነፈ። ደጋግሞ ሞክሮ በ1796 ምርጫ አሸነፈ።

የዚያን ጊዜው ዋና ከተማ ፊላደልፊያ ነበረች። የተወካዮቹ ምክር ቤት የሚሰበሰበው ዛሬም በቆመው በቀይ ሸክላው የኮንግረስ አዳራሽ ነው። አባላቱ በሁለት ጎራ ተከፍለዋል። ፌዴራሊስቶች ጠንካራ ማዕከላዊ መንግሥት፣ ሥርዓትና ክብር ይሻሉ፤ ከእንግሊዝ ጋር መስማማትን ይመርጣሉ። የቶማስ ጀፈርሰን ወገን የሆኑት ሪፐብሊካኖች ደግሞ በዚህ ሁሉ ውስጥ የንጉሥ ጥላ ይታያቸዋል፤ ለፈረንሳይ አብዮትም ያዘነብላሉ። በዚያ ዘመን አባላቱ ለፕሬዚዳንቱ ንግግር መልስ ይዘው በሰልፍ ወደ ቤቱ የሚሄዱበት ወግ ነበር። ላየን ገና እንደገባ ከዚህ ሰልፍ ይቅር ብሎ ጠየቀ። ነጻ ሕዝብ የመረጠው ሰው ጎንበስ ቀና የሚልበት ምክንያት አልታየውም። ሳቁበት።

ጃንዋሪ 30 ቀን 1798 ምክር ቤቱ በአንድ ሴናተር ክስ ጉዳይ ድምፅ እየቆጠረ ሳለ አባላቱ በየቡድኑ ያወጉ ነበር። ላየን ድምፁን ሳይቀንስ የኮኔቲከት እንደራሴዎች የሕዝባቸውን ፈቃድ ትተው ለራሳቸው ሹመት ነው የሚሠሩት አለ። ኮኔቲከት ሄዶ ለስድስት ወር ጋዜጣ ቢያትም ሕዝቡን ነቅሎ እንደሚያስነሣባቸውም ጨመረ። የኮኔቲከቱ ሮጀር ግሪስወልድ በአቅራቢያው ነበር። የየል ኮሌጅ ምሩቅ፣ የሕግ ባለሙያ፣ የአገረ ገዥ ልጅ ነው። ወደዚያ ስትመጣ የእንጨት ጎራዴህን ትታጠቃለህ ወይ ሲል ጠየቀው። ላየን አልሰማም ወይም እንዳልሰማ ሆነ። ግሪስወልድ ጠጋ ብሎ ክንዱን ያዘና ስድቡን ደገመው። ላየን ፊቱ ላይ ምራቁን ተፋበት።

ፌዴራሊስቶች ወዲያው ከምክር ቤቱ ይባረር ብለው ተነሡ። ክርክሩ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ፤ ምስክር ተሰማ፣ ስድቡ ቃል በቃል ተመዘገበ፣ የአገር ጉዳይ ወደ ጎን ተባለ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 52 ሰዎች ይባረር፣ 44 ደግሞ አይባረር አሉ። ሕገ መንግሥቱ ለማባረር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚጠይቅ ላየን ተረፈ። ከሦስት ቀን በኋላ ግሪስወልድ ሂኮሪ ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠራ ከዘራ ይዞ፣ ላየን ከተቀመጠበት ሳይነሣ ራሱንና ትከሻውን ይደበድበው ጀመር። ላየን እንደምንም ከጠረጴዛው ተላቅቆ ወደ ምድጃው ሮጠና የእሳት ጉጠት አነሣ። ሁለቱ ተያይዘው ወለሉ ላይ ወደቁ። ባልደረቦቻቸው ግሪስወልድን እግሩን ይዘው ጎትተው አላቀቋቸው። የዚያ ዕለት ትዕይንት በካርቱን ታትሞ በየከተማው ዞረ። ሁለቱንም እናባርር የሚለው ሐሳብ ግን ወደቀ። ግሪስወልድ ኋላ ልክ እንደ አባቱ የኮኔቲከት አገረ ገዥ ሆኗል።

ላየንን ጨዋ አድርጎ ለመሳል መሞከር ታሪኩን ማበላሸት ነው። ተሳዳቢ ነበር፣ ቁጡ ነበር፣ ነገር ፈልጎ ይገባል። ግን ከየል የወጣው ሰው በከዘራ ሲደበድብ ስለ ጨዋነት የጻፉት ጋዜጦች ጥቂት ናቸው። አውሬ የተባለው የአየርላንዱ ድኻ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ አንበሳ ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ስለሚገጥም በፌዴራሊስት ጋዜጦች በብረት ፍርግርግ ውስጥ የታሰረ እንስሳ አድርገው ይሥሉትም ነበር።

በዚያው የፀደይ ወራት ነገሩ ከግል ጠብ አለፈ። የፈረንሳይ መርከቦች የአሜሪካን የንግድ መርከቦች ይይዙ ነበር። የፈረንሳይ ባለሥልጣናት ከአሜሪካ መልእክተኞች ጉቦ መጠየቃቸው በኤፕሪል ሲሰማ አገሩ በጦርነት ስሜት ተጥለቀለቀ። ፌዴራሊስቶች በዚህ ማዕበል ላይ ተቀምጠው አራት ሕጎችን አከታትለው አወጡ። አንደኛው ዜግነት ለማግኘት የሚያስፈልገውን የቆይታ ዘመን ከ5 ዓመት ወደ 14 ዓመት አስረዘመው፤ ምክንያቱም አዲስ መጪዎቹ፣ በተለይ አየርላንዳውያኑ፣ ድምፃቸውን የሚሰጡት ለጀፈርሰን ነው። ዛሬ ቨርጂኒያና ሚኔሶታ ያሉ ወገኖቻችን ቋሚ መኖሪያ ካገኙ በኋላ የሚቆጥሩት አምስት ዓመት በ1802 ጀፈርሰን ያስመለሰው ዘመን ነው። ሁለቱ ሕጎች የውጭ አገር ሰዎችን የማባረር ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ሰጡት። አራተኛው የሴዲሽን ሕግ ነው። ዓላማውን ለማየት ሕጉ ምን እንደተወ ማየት ይበቃል። ፕሬዚዳንቱንና ኮንግረሱን ከስድብ ይጠብቃል፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱን ግን አይጠብቅም። ምክትሉ ጀፈርሰን ነበር። የሚያበቃውም ማርች 3 ቀን 1801፣ የአዳምስ የሥልጣን ዘመን በሚዘጋበት ዋዜማ ነው።

ላየን የተከሰሰበትን የጋዜጣ ደብዳቤ ከፊላደልፊያ የጻፈው ሕጉ ከመፈረሙ በፊት በጁን ነው። ቨርሞንት ደርሶ በጋዜጣ የወጣው ግን በጁላይ መጨረሻ፣ ሕጉ ከጸና በኋላ ነበር። ሌላም ክስ ተጨመረበት። ፈረንሳይ ይኖር የነበረው ገጣሚ ጆኤል ባርሎ ለአንድ የኮንግረስ አባል የላከው ደብዳቤ፣ ኮንግረስ ለአዳምስ ንግግር የሚገባው መልስ ሰውየውን ወደ አእምሮ ሕሙማን ቤት መላክ ነበር ይላል። ላየን ይህን ደብዳቤ በምርጫ ስብሰባዎች ላይ አንብቦታል፤ ታትሞም ተሰራጭቷል።

ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ሲል በችሎት ተከራከረ። ፓተርሰን ግን ለፈራጆቹ የሕጉ መጽናት አለመጽናት የእነሱ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ላየን ማሳተሙንና በክፋት ማድረጉን ብቻ እንዲመለከቱ ነገራቸው። አንድ ሰዓት ያህል ተወያይተው ጥፋተኛ ነው አሉ። ቅጣቱ አራት ወር እስር፣ 1,000 ዶላር መቀጮና የችሎቱ ወጪ ነው። በዚያው በራትላንድ ወኅኒ እታሰራለሁ ብሎ ሲጠብቅ፣ የፌዴራሉ ማርሻል ወደ ሰሜን ቨርጀንስ ወሰደው። ክፍሉ ርዝመቱ አምስት ሜትር ያህል፣ ወርዱ ከአራት ሜትር ያነሰ ነው። ማዕዘኑ ላይ የሚገማ መጸዳጃ፣ ግድግዳው ላይ መስታወት የሌለው ባለ ብረት መስኮት፤ እሳት የለም። የቨርሞንት ክረምት ደግሞ በረዶው ወገብ የሚደርስበት ነው።

ታጣቂ ገበሬዎች ወኅኒ ቤቱን አፍርሰን እናውጣህ አሉት። ያ ነገር ለመነሣት አንዲት ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። ለእኔ የዚህ ሰው ትልቁ ሥራ ምራቁም ጉጠቱም ሳይሆን በዚያ ሰዓት የመለሰው መልስ ነው። ሕጉን በድምፃችሁ ሻሩት፣ ግድግዳውን አትንኩ አላቸው። ከክፍሉም ሆኖ ደብዳቤ እየጻፈ ስለ እስሩ ሁኔታ አገር እንዲያውቅ አደረገ። ደጋፊዎቹ በሺዎች ፊርማ የተሞላ የምሕረት ልመና ወደ አዳምስ ላኩ። አዳምስ ከይቅርታ በፊት ንስሐ ይቅደም ሲል መለሰው።

የቨርሞንት ሕግ አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያገኝ ያስገድዳል። በሴፕቴምበር የተደረገው ምርጫ በዚህ ምክንያት ሳይቋጭ ቀርቶ ነበር። ሁለተኛው ዙር ዲሴምበር ላይ ሲደረግ ላየን እስረኛ ነበር፤ ተፎካካሪውን እጥፍ በሚጠጋ ድምፅ አሸነፈው። ፌዴራሊስቶች የቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን ጣሉ። ዝም ሊያሰኙት ያሰሩት ሰው ከእስሩ በፊት የአንድ ተራራማ ወረዳ ተወካይ ነበር፤ ከእስሩ በኋላ ስሙን የማያውቅ ጋዜጣ አንባቢ አሜሪካ ውስጥ አልነበረም። ለመቀጮው በየግዛቱ ገንዘብ ተዋጣ። ለዚሁ መቀጮ ሎተሪ ማስታወቂያ ያወጣው የቤኒንግተኑ አታሚ አንቶኒ ሃስዌል ራሱ በዚያው ሕግ ተከሶ ሁለት ወር ታሰረ፣ 200 ዶላርም ተቀጣ።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1799 ላየን ከእስር ወጣና ወዲያው ወደ ፊላደልፊያ ኮንግረስ እየሄድኩ ነው ሲል ጮኾ ተናገረ። በከንቱ አልነበረም። ወደ ሥራው የሚጓዝ የኮንግረስ አባል እንዳይያዝ ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል፤ አዲስ ክስ አዘጋጅተው ለሚጠብቁት መድረሻ አሳጣቸው። በመንገዱ ሁሉ ሕዝብ እየወጣ አጀበው። ምክር ቤቱ ሲደርስ የዴላዌሩ ጄምስ ባያርድ በወንጀል የተፈረደበት ሰው ይባረር የሚል ሐሳብ አቀረበ። 49 ደገፉ፣ 45 ተቃወሙ፤ ሁለት ሦስተኛው እንደገና ጎደለ።

ይህ የባያርድ ስም ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። በ1800 ምርጫ ጀፈርሰንና የምርጫ አጋሩ አሮን በር እኩል 73 የመራጮች ድምፅ አገኙ፤ ጉዳዩም ወደ ተወካዮች ምክር ቤት መጣ። እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ከ16ቱ ግዛቶች የዘጠኙን ያገኘ ፕሬዚዳንት ይሆናል። ጀፈርሰን ስምንት፣ በር ስድስት ያዙ። ሜሪላንድና ቨርሞንት ለሁለት ተከፍለው ድምፃቸው ባዶ ቀረ። የቨርሞንት እንደራሴዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ፌዴራሊስቱ ሉዊስ ሞሪስና ላየን። ከፌብሩዋሪ 11 ጀምሮ 35 ጊዜ ድምፅ ተሰጠ፣ 35 ጊዜም ያው ሆነ። የጀፈርሰን መንግሥት እውን ካልሆነ ሚሊሺያ እናስነሣለን የሚሉ ነበሩ። በመጨረሻ በርን ሲደግፉ ከቆዩት ፌዴራሊስቶች ባያርድ እልሁን ለቀቀ፣ ጓደኞቹም ተከተሉት። ፌብሩዋሪ 17 ቀን ለ36ኛ ጊዜ ስማቸው ሲጠራ ሞሪስ ከአዳራሹ ውጭ ነበር። ለቨርሞንት ድምፅ የሚሰጥ ላየን ብቻ ቀረ። ሜሪላንድም በዚያው ዙር ወደ ጀፈርሰን ዞረች፤ ቁጥሩ አሥር ደረሰ። ከሁለት ዓመት በፊት ይባረር ተብሎ ድምፅ የተሰጠበት እስረኛ አሁን የአንድ ግዛትን ድምፅ ብቻውን ይዞ ፕሬዚዳንት አስመረጠ።

አዳምስ ሥልጣኑን በለቀቀበት ማርች 4 ቀን ላየን የሚያቆስል የስንብት ደብዳቤ ጻፈለት። ያን ደብዳቤ ባይጽፈው እመርጥ ነበር። የተሸነፈ ሰው ቤቱ ሲሄድ ዝም ብሎ ማሳለፍ ለእሱ ግን የሚቻል ነገር አልነበረም።

የቀረው ሕይወቱ በምዕራብ ነው። በ1801 ቤተሰቡን ይዞ ኬንታኪ፣ ከምበርላንድ ወንዝ ዳር ኤዲቪል ሰፈረ። እዚያም መርከብ ሠሪና ነጋዴ ሆነ፤ ከ1803 እስከ 1811 ለኬንታኪ ኮንግረስ ገባ። ከራሱ ወገን መሪዎች ጋር ተጣላ፤ በ1808 ጄምስ ማዲሰን ለፕሬዚዳንትነት የታጨበትን መንገድ ተቃወመ፣ በ1810 ምርጫም ወንበሩን አጣ። በ1812ቱ ጦርነት ለመንግሥት መርከብ ሲሠራ ከስሮ ድኻ ሆነ። በ1820 ፕሬዚዳንት ሞንሮ በአርካንሳስ፣ ስፓድራ ብላፍ በሚባል ቦታ ከቼሮኪ ሕዝብ ጋር የሚነግድ የመንግሥት ንግድ ጣቢያ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ቼሮኪዎቹ በምሥራቅ ከነበረው ምድራቸው እየተገፉ እዚያ የደረሱ ናቸው፤ ጣቢያውም የአውሬ ፀጉርና ቆዳ በጨርቅና በመሣሪያ የሚለዋወጥበት ነው። ሰባ ዓመት አልፎት፣ በዚያ ጫካ ዳር ሆኖ እንኳ የአርካንሳስ ተወካይ ሆኖ ኮንግረስ ለመግባት እንደገና ተወዳደረ፤ በጥቂት ድምፅ ተሸነፈ። የሰበሰበውን የአውሬ ቆዳ ጭኖ እስከ ኒው ኦርሊንስ በወንዝ ወርዶ ተመለሰ። ኦገስት 1 ቀን 1822 ስፓድራ ብላፍ ሞተ። አጽሙን በ1833 ወደ ኤዲቪል አመጡት፤ በዚያን ጊዜ ልጁ ቺተንደን ላየን ለኬንታኪ ኮንግረስ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

የሴዲሽን ሕግ በተወሰነለት ቀን አበቃ፤ ማንም ፍርድ ቤት ሳይሽረው። ጀፈርሰን በሕጉ የተፈረደባቸውን ማረ። የላየን መቀጮ ግን አልተመለሰም። ራሱ ደጋግሞ ለኮንግረስ አመለከተ፤ ሕይወቱ አልፎ ልጆቹ ቀጠሉበት። ኮሚቴዎች ሕጉ ከመጀመሪያውም ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው የሚል ሪፖርት ጻፉ፣ ሪፖርቱም ዓመታት አስቆጠረ። በመጨረሻ ኮንግረስ ጁላይ 4 ቀን 1840 ለወራሾቹ 1,060 ዶላር ከ96 ሳንቲም፣ መቀጮውና የችሎቱ ወጪ ተደምሮ፣ ከፌብሩዋሪ 1799 ጀምሮ ከታሰበ ወለድ ጋር እንዲከፈል ወሰነ። በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣን ከከሰሰው ባለሥልጣን ከሰሊቫን ጋር ባከራከረው መዝገብ ላይ፣ ባለሥልጣንን የሚነቅፍ ዜጋ በቀላሉ በስም ማጥፋት እንዳይጠየቅ ሲወስን፣ በሴዲሽን ሕግ የተቀጡት ሰዎች መቀጮ በኮንግረስ መመለሱን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሷል።